ፈቃዱ በየትኛው ወረቀት ላይ ነው? ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንትና ስለ ጦርነት ሥልጣን ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሌላ አገር ላይ ቦምብ ባስጣለ ወይም ጦር ባዘመተ ቁጥር «የኮንግረስ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» የሚል ክርክር ይነሣል። ሕግ፣ ፖለቲካ ሳይንስ ወይም ጋዜጠኝነት የምትማሩት ደግሞ ቶሎ ብላችሁ «አዎ» ወይም «የለም» ማለት ትወዳላችሁ። የኔ ምክር ጥያቄውን እንድትለውጡት ነው። ፈቃዱ በየትኛው ወረቀት ላይ ተጻፈ? ቀን መቆጠር የጀመረው መቼ ነው? ገንዘቡስ በማን እጅ ነው? (የምጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቋሜን አልደብቃችሁም። ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የመክፈትን ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው። ችግሩ ኮንግረስ በዚህ ሥልጣን ከመጠቀም ይልቅ ዝም ማለት ይቀለዋል፤ ዝምታውም ከ1950 ወዲህ ለፕሬዚዳንቶቹ እንደ ፈቃድ ሲቆጠርላቸው ኖሯል።

ከጽሑፉ እንነሣ። አንቀጽ 1 ክፍል 8 ጦርነት ማወጅን፣ ሠራዊት ማቋቋምንና በጀት መመደብን ለኮንግረስ ይሰጣል፤ ለምድር ጦሩ በአንድ ጊዜ ከ2 ዓመት በላይ የሚቆይ በጀት እንዳይመደብም ይከለክላል። አንቀጽ 2 ክፍል 2 ፕሬዚዳንቱን ዋና አዛዥ ያደርገዋል። ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት በ1787ቱ የፊላደልፊያ ጉባኤ ረቂቁ ኮንግረስ ጦርነት «የማድረግ» ሥልጣን አለው ይል ነበር። ኦገስት 17 ቀን ጄምስ ማዲሰንና ኤልብሪጅ ጌሪ ቃሉ «የማወጅ» በሚለው እንዲተካ ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክንያታቸው አስፈጻሚው አካል ድንገተኛ ጥቃትን የሚመክትበት ሥልጣን እንዲኖረው ነበር። ቃሏ የተለወጠችው ለመከላከያ ጠባብ በር ለመተው ነው። ዛሬ የዋይት ሀውስ ጠበቆች በዚያች በር የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሲያሳልፉባት ታያላችሁ።

«ዋና አዛዥ ስለሆነ ኮንግረስ በዝርዝሩ ሊገባበት አይችልም» የሚል ሰው ከገጠማችሁ የ1804ን የጠቅላይ ፍርድ ቤት የሊትልና የባሬም ክርክር አስነብቡት። ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ያልታወጀ ጦርነት ወቅት ኮንግረስ ወደ ፈረንሳይ ወደቦች የሚሄዱ መርከቦች እንዲያዙ ፈቀደ። ከፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ መንግሥት ለባሕር ኃይሉ የወረደው ትእዛዝ ግን የሚሄዱትንም የሚመለሱትንም ያዙ አለ። ካፒቴን ጆርጅ ሊትል ከፈረንሳይ ወደብ ስትመለስ የነበረችውን ፍላይንግ ፊሽ የተባለች መርከብ ያዘ። ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሕጉ ያልፈቀደውን ሊፈቅድ አይችልም አሉ፤ ካሣውም በካፒቴኑ ላይ ወደቀ። ልብ በሉ፣ ልዩነቱ የመርከቧ ጉዞ ወዴት ነበር የሚል ብቻ ነው። ኮንግረስ እስከዚህ ድረስ መዘርዘር ይችላል።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ላርማችሁ። የጦርነት አዋጅና ፈቃድ አንድ አይደሉም። አሜሪካ በታሪኳ በ5 ጦርነቶች 11 ጊዜ ብቻ አውጃለች፤ የመጨረሻው በጁን 1942 በቡልጋሪያ፣ በሀንጋሪና በሩማኒያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ትልልቅ ጦርነቶች አብዛኞቹ በሕግ በተሰጠ ፈቃድ የተካሄዱ ናቸው፤ ለምሳሌ በጃንዋሪ 1991 ኢራቅን ከኩዌት ለማስወጣት ሴኔቱ በ52 ለ47 ፈቅዷል። ስለዚህ «አዋጅ የለምና ሕገ ወጥ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ከሁሉ የከፋው ኮርያ ነው። በ1950 ሃሪ ትሩማን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔን ይዘው ወደ ጦርነቱ ሲገቡ ከኮንግረስ አዋጅም ፈቃድም አልነበረም፤ ከ36,000 በላይ አሜሪካውያን ሞቱበት። ከዚያ ወዲህ የመጡ የፕሬዚዳንት ጠበቆች ሁሉ ኮርያን ሳይጠቅሱ አያልፉም።

አሁን ወደ 1973ቱ የጦርነት ሥልጣን ውሳኔ እንምጣ፤ ሥራችሁ የሚበዛው እዚህ ነው። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቬቶ አድርገውት (አልፈርምም ብለው መልሰውት) ኖቬምበር 7 ቀን 1973 በተወካዮች ምክር ቤት 284 ለ135፣ በሴኔት 75 ለ18 ተሽሮባቸው የጸደቀ ሕግ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንቱ በተቻለ መጠን ጦር ከማዝመቱ በፊት ኮንግረስን ያማክራል። ጦሩ ውጊያ ውስጥ ከገባ ወይም መግባቱ የማይቀር ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ለተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ለሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት በጽሑፍ ያሳውቃል። ኮንግረስ ካልፈቀደ በ60 ቀን ውስጥ ውጊያውን ያቆማል፤ ወታደሮቹን በሰላም ለማውጣት ወታደራዊ ግዴታ መኖሩን በጽሑፍ ካረጋገጠ ብቻ እስከ 30 ቀን ይጨመርለታል። ብዙ ሰው «ፕሬዚዳንቱ 60 ቀን በነጻ ተሰጥቶታል» ይላል። ሕጉ ይህን አይልም። ክፍል 2 ፕሬዚዳንቱ ጦር ወደ ውጊያ የሚያስገባባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ይጠቅሳል፤ አዋጅ፣ በሕግ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ፣ ወይም በአሜሪካ፣ በግዛቶቿ ወይም በጦር ኃይሏ ላይ በደረሰ ጥቃት የተፈጠረ አስቸኳይ ሁኔታ። ስድሳው ቀን የማቆሚያ ገደብ እንጂ የመጀመሪያ ፈቃድ አይደለም።

ፕሬዚዳንቱ ለኮንግረስ የሚልከው የማሳወቂያ ደብዳቤ ሲወጣ ጋዜጣው ስለ እሱ ያለውን ትታችሁ ራሱን ደብዳቤውን አንብቡ። «በውሳኔው መሠረት» ይላል ወይስ «ከውሳኔው ጋር በሚጣጣም መልኩ»? ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሁለተኛውን ታገኛላችሁ። ፕሬዚዳንቶቹ ሕጉ እንደሚያስገድዳቸው ሳያምኑ ሕጉ የሚጠይቀውን ወረቀት የሚልኩበት ዘዴ ነው። ቀጥላችሁ ጦሩ ውጊያ ውስጥ ሲገባ የሚቀርበውን ሪፖርት የሚመለከተው ክፍል 4(ሀ)(1) ተጠቅሶ እንደሆነ ፈልጉ። የስድሳውን ቀን ቆጠራ የሚያስነሣው ይህ ንዑስ ክፍል ብቻ ስለሆነ ደብዳቤዎቹ ይዘሉታል። እሱን ጠቅሶ የጻፈ አንድ ፕሬዚዳንት ብቻ ነው፤ ጄራልድ ፎርድ በሜይ 1975፣ ማያጉዌዝ የተባለችው መርከብ በካምቦዲያ ተይዛ ሳለ፤ ደብዳቤው ሲደርስ ውጊያው አልቆ ነበር። ነገር ግን ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ይህን ሽሽት ገምተውታል። ቆጠራው የሚጀምረው ሪፖርቱ ከቀረበበት ወይም መቅረብ ከነበረበት ቀን፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው ነው ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ራሳችሁ ቁጠሩ። በሊቢያ ጥቃቱ ማርች 19 ቀን 2011 ተጀመረ፤ ደብዳቤው ማርች 21 ተላከ፤ ስድሳኛው ቀን ሜይ 20 ነው። ዘመቻው ግን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ቀጠለ።

እንዴት ቀጠለ? በአንድ ቃል። ሕጉ ውጊያ ለሚለው ነገር ትርጉም አልሰጠም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ የነበሩት ሃሮልድ ኮህ በጁን 2011 ሴኔት ፊት ቀርበው የምድር ጦር የለም፣ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፣ ጦርነቱ የመስፋፋት አደጋው አነስተኛ ነው፣ የምንጠቀመውም ኃይል ውስን ነው፣ ስለዚህ ይህ ሕጉ ያሰበው ውጊያ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። በዚህ ስሌት ከሩቅ የሚተኮስ ሚሳይል ምንም ያህል ሰው ቢገድል ውጊያ ላይባል ይችላል። እኔ ይህን ክርክር አልቀበለውም፤ ሆኖም ተማሩት፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ የድሮን ዘመን ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ ጎን የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ቢሮ የሚጠቀምበት መመዘኛ አለ። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ እርምጃው ጠቃሚ ብሔራዊ ጥቅም አለው ወይ? ሁለተኛ፣ በዓይነቱ፣ በስፋቱና በሚቆይበት ጊዜ ሕገ መንግሥቱ «ጦርነት» ከሚለው ደረጃ ይደርሳል ወይ? የሊቢያው ዘመቻ በዚህ አለፈ፤ በ2018 በሶርያ ላይ የተፈጸመው የሚሳይል ጥቃትም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያላለፈ ፕሬዚዳንት ፈልጋችሁ አታገኙም። ሚዛኑን የሚይዘው ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ሥር ያለ ቢሮ መሆኑን አትርሱ።

ኮንግረስ ለምን አያስቆመውም ትሉ ይሆናል። የ1973ቱ ሕግ መጀመሪያ ላይ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ የማይቀርብ የሁለቱ ምክር ቤቶች ውሳኔ ጦሩን እንዲያስወጣ ፈቅዶ ነበር። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቻዳ በተባለ ሰው ስም በሚጠራው ጉዳይ ለፕሬዚዳንቱ ሳይቀርብ እንደ ሕግ የሚሠራ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል ያ መሣሪያ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። አሁን የቀረው ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሚቀርበው የጋራ ውሳኔ ነው፤ በሴኔቱ ኮሚቴው 10 ቀን ካሳለፈበት በአብላጫ ድምፅ ወደ መድረክ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ለቬቶ የተጋለጠ ነው። ሒሳቡን ሥሩ፤ ቬቶን ለመሻር በሴኔት 67፣ በተወካዮች ምክር ቤት 290 ድምፅ ያስፈልጋል። 34 ሴናተሮች ከጎኑ የቆሙለት ፕሬዚዳንት ሌላው ሁሉ ቢቃወመው ጦርነቱን መቀጠል ይችላል። በ2019 አሜሪካ ከየመን ጦርነት እጇን እንድታወጣ የሚለው ውሳኔ በሴኔት በ54 ለ46 ካለፈ በኋላ ቬቶ ተደረገ፤ ለመሻር የተሰጠው ድምፅ 53 ለ45 ሆኖ ወደቀ። በ2020 የኢራኑም ዕጣ ይኸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ጦርነት ለመጀመር አብላጫ ድምፅ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ለማስቆም ሁለት ሦስተኛ ተፈለገ። ነገሩ ተገለበጠ።

የፈቃድ ሕግ ስታነቡ አራት ነገር ፈልጉ፤ በማን ላይ፣ የት፣ ለምን ዓላማ፣ እስከ መቼ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 የተፈረመው ፈቃድ ዋና ዐረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛው 60 ቃል ብቻ ነው። ቦታ የለውም፣ ማብቂያ ቀን የለውም፣ የጠላት ስም የለውም፤ የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት ያቀዱትንና የረዱትን የሚለይ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት የተቃወመው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ከ2014 ጀምሮ በጥቃቱ ጊዜ በዚያ ስሙ ባልነበረው አይሲስ ላይ ሳይቀር ተጠቀሙበት። በ1983 ለሊባኖስ የወጣውን ከዚህ ጋር አወዳድሩ፤ ቦታው ተጠቅሷል፣ ጊዜውም በ18 ወር ተገድቧል።

ፍርድ ቤት ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። በ1990 የኮንግረስ አባላት ስለ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲከሱ ዳኛው ኮንግረስ በአብላጫው ገና አቋም ስላልያዘ ጉዳዩ አልበሰለም አሉ። በ2000 በኮሶቮ የአየር ዘመቻ ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከሳሾቹ በእጃቸው ሕግ የማውጣት ሥልጣን እያለ የመክሰስ መብት የላቸውም ብሎ መለሳቸው። ባጭሩ፣ ዳኛው «ሥራችሁን መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩ» ይላል።

የሠራው ገንዘብ ነው። ኒክሰን በጁን 1973 የካምቦዲያን ድብደባ የሚያቆመውን የበጀት ድንጋጌ ቬቶ አደረጉ፤ መንግሥት ያለ በጀት ሊቀር ሲል ኦገስት 15ን የመጨረሻ ቀን በሚያደርግ ስምምነት ፈረሙ፤ ድብደባውም በዚያ ቀን ቆመ። በኦክቶበር 1993 በሞቃዲሾ 18 አሜሪካውያን ወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ኮንግረስ ከማርች 31 ቀን 1994 በኋላ ለሶማሊያው ዘመቻ ገንዘብ ከለከለ፤ ጦሩ ከቀኑ በፊት ወጣ። ሁለቱም የተሳኩት የተቆረጠ ቀን ስለነበራቸውና ፕሬዚዳንቱ ሊጥለው በማይችለው የበጀት ሕግ ውስጥ ስለተሰፉ ነው። በተቃራኒው በኮሶቮ በኤፕሪል 1999 የተወካዮች ምክር ቤት የአየር ዘመቻውን ለመፍቀድ 213 ለ213 ተከፈለ፤ ጦሩ ይውጣ የሚለውንም ጣለ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ኮንግረስ ገንዘቡን ሰጠ። የ1973ቱ ሕግ ክፍል 8 በግልጽ ካልተባለ በቀር በጀት እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ቢልም፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ጠበቆች ገንዘቡን ፈቃድ አደረጉት።

የመጨረሻ የቤት ሥራችሁ የጁን 24 ቀን 2011 የድምፅ መዝገብ ይሁን። በዚያ አንድ ቀን የተወካዮች ምክር ቤት የሊቢያን ዘመቻ ለመፍቀድ የቀረበውን በ295 ለ123 ጣለ፤ ገንዘቡን ለመገደብ የቀረበውንም በ238 ለ180 ጣለ። ሁለቱንም «አይሆንም» ያሉትን አባላት ስም አንድ በአንድ አውጡና በሜይ 20 እና በጁን 24 መካከል ምን እንዳሉ ፈልጉ።