ሆስፒታሉ የጦር፣ እኔ ሲቪል፤ የትኛው ሕግ ነው የሚገዛኝ?

ጥያቄ፦ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። በአንድ የጦር ሆስፒታል ሲቪል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ሙያዬን እወዳለሁ፤ ሥራው ግን እያስመረረኝ ነው። ከባለማዕረጎቹ እኩል ሌሊት አድሬ ትርፍ ሰዓት አይከፈለኝም። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ «ሰው የለም» እባላለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ልክሰስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምሬትዎ ይገባኛል። ሌሊቱን ቁስለኛ ሲያገላብጥ ያደረ ሰው ዕረፍት ሲነፈግ ያማል። ሆኖም ፍርድ ቤት «ሥራዬ አላረካኝም» የሚል አቤቱታ አይቀበልም። የሚያየው የተጣሰ መብት ካለ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓትና የተከለከለ ዕረፍት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዘው ቢከሱ መዝገቡ ሊዘጋብዎት ይችላል። አዋጁ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችንና በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን አይመለከትም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም በመከላከያ መተዳደሪያ ደንብ የሚሸፈኑ ሌሎች ሠራተኞችን ከትርጉሙ አውጥቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ይህን የተካ አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1353፣ ወጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤዎን ያውጡ። «በ... ደንብ መሠረት ተቀጥረዋል» የምትለዋን መስመር ይፈልጉ። ከሌለች የሰው ሀብት ክፍሉ የሚተዳደሩበትን ደንብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ያመልክቱ።

ደንቡ የቱም ይሁን፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42(2) በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድን ለሠራተኞች መብት አድርጓል። «ወታደራዊ ተቋም ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ከባለማዕረጎቹ ጋር መወዳደሩን ግን ይተዉት። እነሱ በሌላ ሕግ ይመራሉ፤ ግዴታቸውም ጥቅማቸውም ይለያል።

ማስረጃው ላይ ይበርቱ። የተረኝነት ፕሮግራሙ ወር ሲያልቅ ከሰሌዳው ይነሳል። በጦር ግቢ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ አያድርጉት። ያደሩበትን ቀን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ፤ የፕሮግራሙን ቅጂ በማመልከቻ ይጠይቁ። ፈቃዱንም በቃል አይጠይቁ። ማመልከቻዎን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ቀሪው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በቃል የተከለከለ ፈቃድን ማስረዳት ፈተና ነው።

ከዚያ በደንቡ በተቀመጠው የቅሬታ መንገድ ይሂዱ። ቀነ ገደቡን አስቀድመው ይዩ፤ ካለፈ ጥሩ ጉዳይም ይወድቃል። ተናደው ከሥራ እንዳይቀሩ አደራ። ጥያቄው ከእርስዎ መብት ወደ እርስዎ ጥፋት ይዞራል። ለጠበቃ የሚከፍሉት ካጠረዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የቅጥር ደብዳቤዎንና ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ።