ግድግዳው መድን አለው፤ እኛስ የት እንደር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዳማ ውስጥ፣ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት፣ ምድር ቤት ደረጃው ሥር ያለው የቆጣሪ ሳጥን በኤሌክትሪክ ኮንታክት ተቃጠለ። እሳቱ ቶሎ ቢጠፋም የደረጃውን ግድግዳና የመብራት መስመሩን በልቶታል፤ የእኛም ሳሎን በጭስ ጠቁሯል፣ የመግቢያው በርና የኮርኒሱ ግማሽም ተበላሽቷል። የከተማው የሕንፃ ሹም ሕንፃው ተመርምሮ እስኪጠገን ድረስ ማንም እንዳያድርበት በደብዳቤ አዝዟል። አሁን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወንጂ እናቴ ቤት ነን፤ ሆኖም ልጆቹ የሚማሩት አዳማ በመሆኑ ቤት መከራየታችን አይቀርም። ቤቱን የገዛነው በባንክ ብድር ስለሆነ የእሳትና መብረቅ መድን አለን። የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ «የቤት ኪራይ አንከፍልም» አለኝ፤ የሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ኮሚቴ ደግሞ «ሁሉም የራሱን ይቻል» ይላል። ታዲያ ኪራዩን የሚከፍለው ማን ነው?
ወ/ሮ ት.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወ/ሮ ት.፣ እንኳን ሕይወታችሁ ተረፈ። ሠራተኛው የነገረዎት ቃል ለጆሮ ቢመርም፣ የገዙት ፖሊሲ (የመድን ውል) ምንም ያልተጨመረበት ተራ የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ ከሆነ ትክክል ነው። እንዲህ ያለው ፖሊሲ ዋስትና የሚሰጠው ለግድግዳው፣ ለበሩና ለኮርኒሱ፣ ማለትም ለተቃጠለው ነገር እንጂ ባለቤቱ በመፈናቀሉ ለሚያወጣው ወጪ አይደለም። ለጊዜያዊ መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ የሚገኘው ይህን የሚመለከት ተጨማሪ አንቀጽ ዐረቦን (የመድን ክፍያ) ተከፍሎበት በፖሊሲው ውስጥ ሲገባ ነው። የባንክ ተበዳሪዎች ፖሊሲ በአመዛኙ የሚገዛው የባንኩን መያዣ ለመጠበቅ ታስቦ ስለሆነ ይህ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አይታሰብም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ፊርማ በሚፈረምበት ቀን ይህን ለደንበኛ የሚያነሣ ሰው ብርቅ ነው።

ቢሆንም የሠራተኛውን ቃል ብቻ ይዘው አይቀመጡ። ፖሊሲውን ከነአባሪዎቹ አስወጥተው «የኪራይ ገቢ ማጣት» ወይም «አማራጭ መኖሪያ» የሚል አባሪ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ቤቱን ላከራየ ባለቤት የቀረበትን ኪራይ የሚተካ ሲሆን፣ ለእርስዎ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ካለ የክፍያው ከፍተኛ መጠን በወራት ወይም ከመድኑ ገንዘብ በመቶኛ ተወስኖ ይገኛል። ከሌለ ግን አሁን ጨምሩልኝ ማለት አይረባም፤ መድን ለደረሰ አደጋ አይገዛም። ለሚቀጥለው ዓመት ዕድሳት ግን ያስቡበት፤ በዚያው አጋጣሚ የመሬት መንቀጥቀጥም መካተቱን ይጠይቁ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢው ንዝረት አዳማ ድረስ እንደተሰማ አይዘነጋም፤ ይህም አደጋ በተራው ፖሊሲ ውስጥ በራሱ የሚገባ አይደለም።

አባሪው አለ ብለን እንቀጥል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍሉ በ2013ቱ አዲሱ የንግድ ሕግ ሳይሻር የቀረ ሲሆን፣ የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ማለት የሚከፈለው በእውነት ለወጣ ወጪ ነው። ወንጂ እናትዎ ቤት ባደሩባቸው ሌሊቶች ኪራይ ስላልከፈሉ የሚተካ ኪራይ የለም። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ከዘመድ የኪራይ ውል አስጽፎ ያቀርባል፤ ይህን በፍጹም እንዳያደርጉት፣ አንዲት የውሸት ወረቀት እውነተኛውን የኮርኒስና የበር ጥያቄዎን ይዛው ልትወድቅ ትችላለችና። ቤት ሲከራዩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ኪራዩን በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ፤ አከራዩ ደረሰኝ ባይሰጥዎት እንኳ የክፍያው ማስረጃ ይቀርልዎታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሥራ ላይ በዋለበት ከተማ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ እንደሌለበትም ያስታውሱ።

የሕንፃ ሹሙ ደብዳቤ ከሁሉ የሚበልጥ ወረቀትዎ ነው። ያለ እርሱ፣ ጭስ ስለሸተተኝ በፈቃዴ ወጣሁ ከሚል ሰው አይለዩም። በደብዳቤው ላይ ቀኑና የቤት ቁጥርዎ በግልጽ መስፈሩን ያረጋግጡ፤ «ሕንፃው» ብቻ የሚል ከሆነ ቤትዎ በስም እንዲጠቀስ በማመልከቻ ይጠይቁ። የእሳት አደጋና የፖሊስ ማስረጃም ከጎኑ ይቀመጥ። አደጋውን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ካላሳወቁ ዛሬውኑ ያሳውቁ፤ የማሳወቂያው ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት እንጂ በወራት አይደለም።

የመድን ድርጅቱ የጉዳት ገማች መጥቶ እስኪያይ ድረስ ቀለም አያስቀቡ፣ የተቃጠለውንም አይጣሉ። የቀለጠው የቆጣሪ ሳጥን በተለይ ከቦታው መነሣት የለበትም። የእንጀራ ምጣድ አንዱ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። በአንድ ደረጃ ላይ አምስት ስድስት ቤት በአንድ ጠዋት ሲጋግር፣ የላላ አንድ ብሎን ራሱ ሽቦውን አግሎ ሽፋኑን ያቀልጠዋል። ጥፋቱ ከጋራው መስመር ይሁን ከአንድ ቤት መስመር የሚታወቀው በዚያ ሳጥን ምርመራ ነው፤ ካሣ የሚጠየቀውም ሰው በዚያው ይለያል።

ወደ ኮሚቴው ስንመጣ፣ የሰጠዎት መልስ ትክክል የሚሆነው በግማሹ ብቻ ነው። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያውና የጋራው የመብራት መስመር የሁላችሁም የጋራ ንብረት ነው፤ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበርም በሕግ ሰውነት ያለው በመሆኑ በስሙ ውል ይገባል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ስለዚህ የደረጃው ጥገና «ሁሉም የራሱን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም፤ ወጪው እንደየድርሻችሁ ተከፋፍሎ በማኅበሩ በኩል የሚሠራ ነው። የእርስዎ ፖሊሲም ደረጃውን አይሸፍነውም፤ ያንን መድን መግዛት የነበረበት ማኅበሩ ነው። የግል ኪራይዎን በተመለከተ ግን ጠቅላላ ጉባኤው ካልወሰነ ኮሚቴው ከጋራ ገንዘብ አውጥቶ ሊከፍልዎ አይችልም። ሆኖም ማኅበሩ የጋራው መስመር መላላቱ በጽሑፍ ተነግሮት ዝም ያለ መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤ ካለ፣ ኪራዩን በጉዳት ካሣነት መጠየቅ ይቻላል። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ክስም ሆነ ከመድን ውል ለሚነሣ ጥያቄ ይርጋው (የመጠየቂያው የጊዜ ገደብ) ሁለት ዓመት ነው።

ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ። ቤቱ ዛሬ ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሆኖ፣ ፖሊሲው ከዓመታት በፊት በተጻፈበት 1.5 ሚሊዮን ብር ከቀረ፣ መድን የተገባለት የዋጋው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ለ400,000 ብር ጉዳት የሚከፈልዎትም ግማሹ፣ 200,000 ብር ያህል ነው፤ ቀሪውን ራስዎ እንደ መድን ሰጪ ሆነው ይሸከሙታል። ከዚያም ላይ ባንኩ በፖሊሲው ተጠቃሚ ሆኖ ተመዝግቦ ከሆነ ካሣው በቅድሚያ ወደ እርሱ ስለሚሄድ፣ ገንዘቡ ለዕዳ ሳይቀነስ ለጥገና እንዲለቀቅልዎ ለባንኩ ከወዲሁ በደብዳቤ ያመልክቱ። በዚያው ደብዳቤ የወር ክፍያው ቤቱ እስኪጠገን እንዲራዘምልዎም ይጠይቁ፤ ኪራይና የብድር ክፍያ በአንድ ወር መግጠማቸው ነው ቤተሰብን የሚያናጋው።

ጥገናው ሲያልቅ ከመግባትዎ በፊት የሕንፃ ሹሙን የመግቢያ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ መብራቱም በኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ባለሙያ ተፈትሾ ይቀጠል። የአማራጭ መኖሪያ ክፍያ የሚቋረጠው ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ በሆነበት ቀን ነውና፣ ኮሚቴው «ደረጃው ተቀብቷል፣ ግቡ» ያለበት ቀንና ሹሙ የፈቀደበት ቀን እንዳይምታታብዎት።