ለሚስቱ አሠሪ ድምፅ የሰጠ የቦርድ አባል

ጥያቄ፦ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። አንድ የስቴት ቦርድ አባል፣ ሚስቱ ተቀጥራ ለምትሠራበት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ እንዲሰጥ ድምፅ ሰጥቷል። እሷ ደመወዝተኛ ብቻ ናት፣ ባለድርሻ አይደለችም። ይህ ጥፋት ነው? ለማንስ አቤት ልበል?

መልስ፦ «ደመወዝተኛ ብቻ ናት» ማለቱ አያድነውም። በካሊፎርኒያ በትዳር ውስጥ የተገኘ ደመወዝ የጋራ ሀብት ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የስቴቱ የፖለቲካ ማሻሻያ ሕግ የሚስትየውን ደመወዝ ግማሽ የባልየው ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከውሳኔው በፊት በነበሩት 12 ወራት ከአንድ ምንጭ 500 ዶላር ከደረሰው፣ ያ ምንጭ በጉዳዩ ላይ አመልካች ሆኖ ሲቀርብ እጁን መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ እሷ 1,000 ዶላር ከተከፈላት ገደቡ ሞልቷል። ተጋቢዎቹ ሀብታቸውን በውል ለይተው ከሆነ፣ ወይም አሠሪዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ክልከላውም በድምፅ ብቻ አያበቃም፤ በውይይቱ መሳተፍንና ባልደረቦችን ለማግባባት መሞከርንም ይጨምራል።

ድጋፉ በውል የተሰጠ ከሆነ ሹማምንት ጥቅም ያላቸውን ውል እንዳይዋዋሉ የሚከለክለው የካሊፎርኒያ የመንግሥት ሕግ አንቀጽ 1090 ይመጣል፤ እሱ ይብሳል። እዚያ አባሉ ድምፅ ባይሰጥ እንኳ ቦርዱ ውሉን መግባት ላይችል ይችላል፤ የተፈረመውም ፈራሽ ነው። ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ግን ጥቅሙ «የራቀ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፣ ያውም አባሉ ጥቅሙን አስታውቆ፣ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ከጉዳዩ ከወጣ ነው።

አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት የስብሰባውን ቃለ ጉባኤና የአባሉን ፎርም 700፣ ማለትም ሹማምንት ገቢያቸውንና ጥቅማቸውን የሚያስመዘግቡበትን ቅጽ፣ ያውጡ። ፎርሙ የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ለማየት ስምዎን ወይም ምክንያትዎን ሊጠይቁዎት አይችሉም፣ የአንድ ገጽ ቅጂም ከ10 ሳንቲም አይበልጥም። የሚስት አሠሪ የሚገኘው በሠንጠረዥ «ሲ» ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የድርጅቱ ስም ስለሌለ ብቻ «ደበቀ» ብለው አይጻፉ። ብዙ ሹማምንት የሚያስመዘግቡት የመሥሪያ ቤታቸው የጥቅም ግጭት ደንብ የሚጠይቃቸውን የገቢ ዓይነት ብቻ ነው። ደንቡንም አብረው ይጠይቁ።

አቤቱታው የሚቀርበው የፖለቲካ ማሻሻያ ሕጉን ለሚያስፈጽመው የስቴቱ አካል፣ ለፌር ፖለቲካል ፕራክቲስስ ኮሚሽን ነው። ስም ሳይሰጡ መጠቆም ይቻላል፤ እኔ ግን በመሐላ የተፈረመውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ኮሚሽኑ በ14 ቀናት ውስጥ ምን እንዳደረገ ወይም ሊያደርግ እንዳሰበ ሊያሳውቅዎ ይገደዳል። በሐሰት መማል ወንጀል ስለሆነ ያዩትንና የገመቱትን ለይተው ይጻፉ። የስብሰባውን ቀን፣ የአጀንዳውን ቁጥርና የድምፁን ውጤት ያስገቡ፤ «ሙሰኛ ነው» የሚለውን ይተዉት። አስተዳደራዊ ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት እስከ 5,000 ዶላር ነው፣ ጊዜ ገደቡም 5 ዓመት።

ሰውየው የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ቢሆንና ድምፅ የሰጠው አንድን ዘርፍ በሙሉ በሚነካ ሕግ ላይ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። በእኔ እይታ የሕጉ ሰፊው ቀዳዳ ያ ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን እዚያ አይገባም።