የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብላክ ሆል ምን ይሰራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ እንዴት ነህ? 31 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ ሒሳብ ሰራተኛ። ችግሬ ሲሰሙት ያስቃል ግን ቤት ውስጥ እያጣላን ነው። ማታ ከስራ ገብቼ አንድ የሳይንስ ቪዲዮ ብቻ ብዬ እከፍታለሁ፣ ከዛ ከብላክ ሆል ወደ አንጎል ከአንጎል ወደ ጉንዳን እያልኩ ሳላስበው ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ቢሮ ፈዝዤ ነው የምውለው፣ ባለፈው ሪፖርት ላይ ሁለት ዜሮ ጨምሬ ልኬ አለቃዬ አስጠርቶኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ከኔ ይልቅ ጉንዳኑን ታውቀዋለህ» ትላለች። ማወቅ መውደድ ጥፋት ነው እንዴ? ልተወው ወይስ እንዴት ባላንስ ላርገው?
(ጉንዳኑ ነኝ)

መልስ፦ ወንድሜ ጉንዳኑ፣ ከሁሉ በፊት ሚስትህ ቀልድ ታውቃለች፣ አጥብቀህ ያዛት።

ማወቅ መውደድ ጥፋት አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህና ለራስህ በሐቅ መልስ፣ ባለፈው ሳምንት ካየኸው ሁሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ለሚስትህ ማስረዳት የምትችለው ስንቱን ነው? እኔም አንድ ሰሞን እንዳንተው ነበርኩና ይሄን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ በጣም ነው ያፈርኩት፣ ስለ ኳንተም ምናምን ሌሊቱን ሙሉ የሰማሁት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አብሮ ይፈስ ነበር፣ የሚቀረኝ ብዙ ያወቅኩ የሚመስል ስሜት ብቻ። ስለዚህ እኔን ብትሰማኝ ያንተ ጉጉት አልበዛም፣ እንደውም አንሷል። ጥያቄው ገና ሳይቆረቁርህ መልሱን ሌላ ሰው ይነግርሃል፣ እሱን ሳታላምጠው ሌላ ይመጣል፣ ቪዲዮዎቹም የተደረደሩት እንዲያ እንድትሆን ተብሎ ነው።

አግነስ ፖክልስ የምትባል ጀርመናዊት ነበረች፣ በ1862 የተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በሷ ጊዜ እዛ አገር ለሴት ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር ዝግ ነው፣ ወላጆቿ ደግሞ በሽተኞች ስለነበሩ የቤቱ ጣጣ በሙሉ እሷ ላይ ነው የወደቀው፣ ማስታመሙ፣ ማብሰሉ፣ ሰሃን ማጠቡ። እና ሰሃን ስታጥብ የውሃው ፊት ላይ የምታየው ነገር አልለቃት አለ። ቅባት ጠብ ሲልበት ወይ ሳሙና ሲነካው የውሃው ፊት ጸባዩ ይቀየራል፣ ለምን? በቃ፣ ጥያቄዋ ይቺው ናት። ከቆርቆሮ ረዘም ያለ ገንዳ አዘጋጀችና ውሃ ሞላችበት፣ ከላይ አንድ ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ አጋደመችበት፣ እሱን ወዲህ ወዲያ እየገፋች የውሃውን ፊት ታጠብበዋለች፣ ታሰፋዋለች። ከዛ የልብስ ቁልፍ የምታክል ክብ ነገር ውሃው ላይ አስቀምጣ በትንሽ ሚዛን ወደ ላይ እየሳበች፣ ከውሃው ለመላቀቅ ስንት ክብደት እንደሚፈጅ ትለካለች። (ባላንስ ባላንስ ስትለኝ እኔን ፊቴ ላይ የመጣችብኝ ይቺ ሚዛን ናት።) በ18 ዓመቷ ገደማ የጀመረችውን ነገር ወደ 10 ዓመት ያህል ከቤት ስራው በተረፋት ሰዓት እየነካካች ቆየች። ሎርድ ሬይሊ የሚባለው እንግሊዛዊ ፊዚሲስት እዛው ጉዳይ ላይ እየሰራ መሆኑን ስታውቅ በ1891 መጀመሪያ ላይ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ሚስቱ ተረጎመችለት፣ እሱም ሰውየው ጨዋ ነው፣ የኔ ብሎ አልወሰደውም፣ እንዲያትሙላት ኔቸር ለሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላከው። በዛው ዓመት ወጣላት። ኋላ ኧርቪንግ ላንግሙር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1932 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘበት የነገሮች የላይ ፊት ጥናት ላይ የተጠቀመው መሳሪያ የሷ ገንዳ ተሻሽሎ ነው።

እና ዛሬ ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ተወውና ሰሃን እጠብ። የምሬን ነው፣ ባለቤትህም ትደነግጣለች። ስትጨርስ ሳህኑንና እጅህን በደንብ አለቅልቀህ ንጹህ ውሃ ሙላበት፣ ውሃው ዝም እስኪል ጠብቅና የገላ ፓውደር በስሱ ነስንስበት። ከዛ አንድ ጣትህን ሳሙና አስነክተህ መሃሉን ንካው። ፓውደሩ እንደተባረረ ሰው ወደ ዳር ይሮጣል። የውሃው ፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ተወጥሮ ነው የነበረው፣ ሳሙናው መሃሉን ሲያላላው ዳር ዳሩ ያሸንፍና ፓውደሩን ይዞት ይሄዳል። ድጋሚ ንካው፣ አሁን እምቢ ይላል። ለምን እምቢ እንዳለ አልነግርህም፣ የዚህ ሳምንት ጥያቄህ እሱ ነው፣ ሰርች ሳታደርግ ደብተር ላይ ጻፈውና ቢሮ ስትሄድ መንገድ ላይ አመንዥከው። ቪዲዮ በጭራሽ አትይ አልልህም፣ ግን መጀመሪያ የራስህን ግምት ጻፍ፣ ከዛ አንድ አይተህ ዝጋ። አእምሮህ ውስጥ ጥያቄ ይዞ መተኛትና ስክሪን ይዞ መተኛት አንድ አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ዳርዊንን ልጥቀስልህ። ቤቱ ሆኖ ነበር የሚሰራው፣ ዋናውን ስራ ጠዋት ላይ ይጨርስና እኩለ ቀን ላይ ግቢው ዳር ባሰራት መንገድ እየዞረ ይራመድ ነበር፣ ማታ ከሚስቱ ከኤማ ጋር ባክጋመን የሚባል የዳይስ ጨዋታ ይጫወታል። ሰውየው ግን እረፍቱንም መዝግቧል፣ በ1876 ለጓደኛው ሲጽፍ እሱ 2,795 ጊዜ እንዳሸነፈና እሷ 2,490 ብቻ እንደሆነች እየፎከረ ነው የነገረው። ይሄ ሁሉ ሆኖ እንኳን ስለ ራሱ በጻፈው ላይ ቆጭቶታል፣ ወጣት ሆኖ ይወደው የነበረው ግጥምና ሙዚቃ በኋላ ጭራሽ ጠፋበት፣ እንደገና ብኖር ቢያንስ በሳምንት አንዴ ግጥም አነብ ሙዚቃም እሰማ ነበር ብሏል። አንተ ደግሞ ገና 31 ነህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 64 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስፖርት ጀምሬያለሁ። ዓይኔን ገልጬ በአንድ እግሬ ግማሽ ደቂቃ እቆማለሁ፣ ዓይኔን ስጨፍን ግን ወዲያው ነው የምወድቀው። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይስጉ፣ ዓይን ሲጨፈን ሁሉም ሰው ይቸገራል፣ ዕድሜ ሲጨመር ደግሞ ጊዜው ያጥራል። ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሦስት ቦታ ወሬ እየሰበሰበ ነው፣ አንዱ ከዓይን፣ አንዱ ከእግር መዳፍ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ፣ አንዱ ደግሞ ከጆሮ ውስጥ። በያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቅስት ቱቦዎች አሉ፣ ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀርና መዞሩን ለአንጎል ይነግራል። እርስዎ ሲጨፍኑ ከሦስቱ አንዱን ዘጉበት ማለት ነው።

እስቲ በባዶ እግርዎ ግድግዳ ተጠግተው በአንድ እግር ይቁሙ (ብቻዎን ሆነው ግን አይሞክሩት)፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ወደ ቁርጭምጭሚትዎ ልብ ይበሉ። ጸጥ ያሉ ይመስልዎታል እንጂ እግርዎ አንዴም አያርፍም፣ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ፣ ትንሽ ዘመም ቀና፣ ጣቶቹም መሬቱን ይቆነጥጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሳየው የራሴ እግር አልመስል ብሎኝ ነበር። ዓይንዎ ተገልጦም የሚያንገዳግድዎት ወይ ቤቱ የሚዞርብዎት ከሆነ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪም ይዩ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ቀኑን ሙሉ «ለምን?» ነው። ትናንት «ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አለኝ፣ «እግዜር ቀብቶት ነው» ብዬ ገላገልኩት፣ ግን ደስ አላለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደክሞሽ ነው፣ ማንም ይለዋል። ሌላ ጊዜ «አላውቅም፣ ና እንይ» በይው፣ ያው ከመዋሸትም ይቀላል። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀለሙ ሁሉ አለ፣ አየሩ ሰማያዊውን ከቀዩ በጣም አብልጦ በየአቅጣጫው ይበትነዋል፣ ቀና ባልን ቁጥር የምናየው እሱን የተበተነውን ነው። በ1871 ይሄን በሒሳብ ያሳየው ደግሞ ያ ደብዳቤ የደረሰው ሬይሊ ራሱ ነው።

ለልጁ ይሄን አታውሪለት፣ አሳዪው። ማታ መብራት አጥፊና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ወተት ጨምረሽ በስልክሽ መብራት ከአንድ በኩል አብሪበት። ከጎን የሚያይ ሰው ውሃው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ያያል፣ በተቃራኒው በኩል ሆኖ መብራቱን በውሃው ውስጥ ለሚያየው ደግሞ ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚታየው። «ይሄኛው ለምን ቀላ?» ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ ሰማያዊው በጎን በጎን ወጥቶ አልቆ የቀረው ነው በይው፣ ፀሐይ ስትጠልቅም እንዲሁ ነው የምትሆነው። አምስተኛው «ለምን» ላይ ከደረሰ ግን አስተኚው።