የግንድ ዋግ ጂኖም መነበቡ ለስንዴ ገበሬ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ በ2006 ዓ.ም. አባቴ አርሲ ውስጥ የዘሩት ዲጋሉ ስንዴ በግንድ ዋግ ተመቶ ከማሳው የሰበሰብነው ገለባ ብቻ ነበር። ዘሩን ስንወስድ «ዋግን ይቋቋማል» ተብለን ነበር። አሁን የዋጉ ፈንገስ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃው) ተነቧል ሲባል እሰማለሁ። ያን ጊዜ የደረሰብንን ያስረዳናል? ለወደፊቱስ ይጠቅመናል? (አንባቢ፣ ከአሰላ)

መልስ፦ የተነገራችሁ ውሸት አልነበረም። ዲጋሉ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ከጎዳ በኋላ ሲሆን፣ ቢጫ ዋግንም ሆነ መጀመሪያ ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ ይቋቋም ነበር። በ2006 ዓ.ም. ባሌንና አርሲን የመታው ግን ቲኬቲቲኤፍ በሚል መለያ የሚታወቅ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም አገዳው ላይ ፈንድተው የጡብ ቀለም ያለው ብናኝ ይረጫሉ፣ በማሳው መካከል ያለፈ ሰው ሱሪው ይቀላል። ልዩነታቸው ጂናቸው ውስጥ ነው።

ፈንገሱ የስንዴውን ሕዋስ ለመዝረፍ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን ያስገባል። ስንዴው ከእነዚህ አንዱን የሚያውቅ ጂን ካለው የተነካውን ሕዋስ ራሱ ገድሎ ፈንገሱን ያስርበዋል፤ ዋግ ሕይወት ባለው ተክል ላይ ካልሆነ አይኖርምና። ፈንገሱ ያን አጋላጭ ፕሮቲን ከለወጠ ግን ሳይታወቅ ያልፋል። የዲጋሉ መከላከያ በዋናነት ኤስአርቲኤምፒ በተባለ አንድ ጂን ላይ የቆመ ነበር፤ ቲኬቲቲኤፍ ደግሞ ያንኑ ጂን የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ።

የግንድ ዋግ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሞ ወደ 89 ሚሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላትና ከ17,000 በላይ ጂኖች ተቆጠሩበት። ይሁን እንጂ የዋግ ሕዋስ እንደ ጥማድ በሬ ሁለት ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የሕዋስ ማዕከል) ስላለው፣ በዚያን ጊዜ የተነበበው የሁለቱ ድብልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ተለያይተው ሲነበቡ፣ ከዩጂ99 ኒውክለሶች አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሚታወቅ የዋግ ዓይነት ኒውክለስ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች በመቀናጆ እንደሚያርሱ ሁሉ፣ ሁለት የዋግ ዓይነቶችም ኒውክለስ ተለዋውጠው አዲስ ጥማድ አቀናጅተዋል ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ አዲስ ዓይነት በአንድ ጊዜ ሊፈጠር ይችላልና።

ለእናንተ የሚቀርበው ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረው ማርፕል የተባለ ዘዴ ነው። የተሠራው ለቢጫ ዋግ ሲሆን፣ በእጅ በሚያዝ የዲኤንኤ ማንበቢያ የተመረጡ 242 ጂኖችን ብቻ አንብቦ የዋጉን ዓይነት በሁለት ቀን ገደማ ይለያል፤ ቀድሞ ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ውጤቱ ወራት ይፈጅ ነበር። የታመመውን ማሳ አያድንም፣ ርጭትንም አያስቀርም፤ የትኛው ዝርያ እንደሚያሰጋ ግን ከመጪው የዘር ወቅት በፊት ይጠቁማል። ዋግ ካያችሁ የታመመውን አገዳ ቆርጣችሁ፣ የስንዴውን ዝርያ ስም ጽፋችሁበት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስጡ። በወረቀት ፖስታ ይሁን፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ናሙናውን ያሻግተዋል።