ፊቷ የሚታወቅ፣ ስሟ የሚረሳ፦ ስለ ፍራንሰስ ስተርንሄገን ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ፍራንሰስ ስተርንሄገን የላካችሁልኝ ጥያቄ በርክቷል። በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፏን ሳይ ወዲያው አወቅኋት፤ ስሟን ግን ሰምቼው አላውቅም። የት ነው ያየኋት?

መልስ፦ ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ጠይቃችኋል። በዕድሜ ገፋ ካሉ፣ «ቺርስ» በተባለው የመጠጥ ቤት ኮሜዲ የፖስተኛው ክሊፍ እናት ሆና አይተዋታል። የሆስፒታሉን ድራማ «ኢ.አር.» ከተከታተሉ የዶክተር ካርተር ባለጸጋ አያት ናት። «ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» ላይ የሻርለት አማት፣ «ዘ ክሎዘር» ላይ ደግሞ የመርማሪዋ እናት። እናት፣ አያት፣ አማት፤ አንድ ቤተ ዘመድ ብቻዋን ሞልታለች።

ጥያቄ፦ ወጣት ሆና አታውቅም እንዴ?

መልስ፦ ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የተወለደችው በ1930 ዋሽንግተን ውስጥ ነው። የክሊፍን ቦታ የተጫወተው ጆን ራትዘንበርገር የ1947 ልጅ ስለሆነ «እናቱ» የምትበልጠው በ17 ዓመት ብቻ ነበር። በ1979 «ኦን ጎልደን ፖንድ» የተባለው ተውኔት ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ባሉበት፣ ሲከፈት፣ ወደ ሰባ የምትጠጋውን ኤቴልን መጀመሪያ የተጫወተቻት እሷ ናት፤ ያኔ 49 ዓመቷ ነበር። «ድራይቪንግ ሚስ ዴይዚ» ላይም ከሌላ ተዋናይት ተረክባ፣ ገና ስድሳ ሳይሞላት፣ ከ72 እስከ 97 ዓመቷ የምትታየውን አሮጊት ተጫወተች። ወገብ ማጉበጥና ድምፅ ማንቀጥቀጥ ማንም ይችላል። ከባዱ፣ ብዙ የኖረ ሰው ሌላውን የሚያዳምጥበትን ትዕግሥት ማምጣት ነው፤ እሷ ያ ነበራት።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ተውኔቶች ፊልም ሆነዋል አይደል? እዚያ ግን አላየኋትም።

መልስ፦ አያዩዋትም። የኤቴልን ቦታ ካትሪን ሄፕበርን፣ የሚስ ዴይዚን ደግሞ ጄሲካ ታንዲ ወሰዱት፤ ሁለቱም ኦስካር አገኙበት። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከነክነኛል። ሁለቱ ሴቶች አይገባቸውም ማለቴ አይደለም። ሆኖም ፊልም ሠሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ፖስተር ላይ የሚጻፍ ስም ይፈልጋል፤ በየምሽቱ መድረክ ላይ የተሠራ ሥራ በዚያ ሚዛን አይመዘንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምንም ሽልማት አላገኘችም?

መልስ፦ ቴአትሩስ አልረሳትም። ቶኒ ለተባለው የብሮድዌይ ቴአትር ሽልማት ሰባት ጊዜ ታጭታ ሁለት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1974 በሩሲያዊው ደራሲ በቼኾቭ አጫጭር ታሪኮች ላይ በተመሠረተው «ዘ ጉድ ዶክተር»፣ በ1995 ደግሞ «ዘ ኤረስ» ላይ አክስት ላቪኒያን ሆና። በቴሌቪዥን ሦስት ጊዜ ለኤሚ ታጭታ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ጥያቄ፦ ትዳርና ልጆችስ?

መልስ፦ ባለቤቷ ቶማስ ካርሊን ተዋናይ ነበር፤ በ1991 ዐረፈ። ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ስድስት! ብሮድዌይ ላይ ከ1955 ጀምሮ እየሠራች ማለት ነው። ያረፈችው በ93 ዓመቷ፣ ኅዳር ወር 2023 በኒው ዮርክ ግዛት ኒው ሮሼል ከተማ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም ብቻ ላይ ልያት ብል የትኛውን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ ብዙ ሰው «ሚዘሪ»ን ይጠቁማል፤ የሸሪፉ ሚስት ሆና ከባሏ ጋር የምትነታረክበት ነው፤ ደስ ይላል። እኔ ግን የ1981ዱን «አውትላንድ» እመርጣለሁ፤ የማንም እናት ያልሆነችበት ስለሆነ። በጁፒተር ጨረቃ ላይ ባለ የማዕድን ማውጫ ምላሰ ስል ሐኪም ናት። ሾን ኮነሪ የሚጫወተው የሕግ አስከባሪ ገዳዮች እየመጡበት እርዳታ ሲለምን ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩበታል። የምትቀረው እሷ ናት፤ እያጉረመረመች።