ለቼንዶል ጥያቄሽ፦ ክሩ የሚሟሟው፣ ወተቱ የሚቋጠረው፣ በረዶው ውሃ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሰላም እህቴ። ሲንጋፖር ሆከር ማዕከል (ብዙ ምግብ ሻጮች በአንድ ላይ የሚሸጡበት ቦታ) የቀመስሽውን ቼንዶል፣ ማለትም አረንጓዴ የስታርች ክር፣ ቦሎቄ፣ የኮኮናት ወተትና ሽሮፕ ያለበትን የበረዶ ጣፋጭ፣ ዱባይ ቤትሽ ስትሞክሪው አረንጓዴው ክር ሲነካ እየሟሟ፣ የኮኮናት ወተቱ ነጭ ፍርፋሪ እየያዘ፣ በረዶው ደግሞ ማንኪያ ሳታነሺ ውሃ እየሆነ አስቸግሮሻል። አይስ ካቻንግ ከሚባለው ሌላ የበረዶ ጣፋጭ በምን እንደሚለይም ጠይቀሻል። ሦስቱም ችግሮች ከሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ክሩ እሳት አንሶታል፣ ወተቱ ቅዝቃዜ በዝቶበታል፣ ሽሮፑ ሳይበርድ በረዶው ላይ ወርዷል።

ከክሩ እንጀምር፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ለስድስት ሳህን 80 ግራም የማሾ ስታርች፣ 20 ግራም የሩዝ ዱቄት፣ 600 ሚሊ ሊትር የፓንዳን (ጥሩ መዓዛ ያለው አረንጓዴ ቅጠል) ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የኖራ ውሃ እና ቁንጥር ጨው ይበቃል፤ የሁለቱን ውሃ አዘገጃጀት ከታች እነግርሻለሁ። የማሾ ስታርችና ማሾ ተፈጭቶ የሚገኘው ዱቄት አንድ አይደሉም፤ የሚያስፈልግሽ ነጩና እንደ በቆሎ ስታርች በጣት መሃል የሚንኮሻኮሸው ነው። ኢንዶኔዥያውያን ሁን ክዌ ይሉታል። በበቆሎ ስታርች ከሠራሽው ክሩ ይደፈርሳል፣ ማኘክም አይፈልግም። የስንዴ ዱቄት ጭራሽ አይሆንም።

ስታርቹን በቀዝቃዛው የፓንዳን ውሃ በጥብጠሽ በወንፊት አጥልይና መካከለኛ እሳት ላይ ሳታቋርጪ አማስይ። ከሦስት አራት ደቂቃ በኋላ ድንገት ይጓጉልና ይወፍራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወፈረ ብሎ ያወርደዋል። ገና ጥሬ ነው! መልኩ ድፍርስ ነው፣ ሲቀመስም ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። እሳቱን ቀንሰሽ ሌላ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ አማስይው። ሲያብረቀርቅና ብርሃን ሲያሳልፍ በስሏል ማለት ነው። ውፍረቱ ከአጥሚት ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ ሆኖ ከማማሰያው ላይ እየተለጠጠ በዝግታ ይወርዳል። በጣም ከደረቀብሽ ጥቂት የፈላ ውሃ ጨምሪበት እንጂ ቀዝቃዛ አትጨምሪ።

ከእሳት እንዳወረድሽ ሳይበርድ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ባለው ማጥለያ ላይ አድርገሽ በጭልፋ ጀርባ ተጫኚው። ከሥሩ በረዶ የተጨመረበት ውሃ በሰፊ ሳህን ይጠብቀው። ማጥለያው ከውሃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ሲል ክሩ ቀጭን ጅራት ያወጣል፤ በጣም ከቀረበ አጭርና ድቡልቡል ይሆናል። ከበረደ በኋላ መጫን ትርፉ ድካም ነው፣ ተቆራርጦ ይወርዳል። ሃያ ደቂቃ ውሃው ውስጥ አቆይተሽ አጥልዪው።

ስለ ፓንዳኑ፦ 12 ያህል ቅጠል ቆራርጠሽ ከውሃው ጋር በጁስ መፍጫ ፈጭተሽ በንጹህ ጨርቅ ጭመቂው። ዱባይ የፊሊፒኖች ሱቅ ውስጥ የታሸገ በረዷማ ቅጠል ታገኛለሽ። ደማቅ አረንጓዴ ካልሆነ አትደንግጪ፤ ያ ድምቀት ብዙውን ጊዜ የምግብ ቀለም ነው። የቅጠሉ የራሱ መልክ ደብዘዝ ያለ ነው። የኖራው ውሃ አረንጓዴውን ከመጥቆር ይጠብቃል፣ ክሩንም ያጠነክራል። ለምግብ ተብሎ የሚሸጠውን ኖራ ብቻ ተጠቀሚ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጠሽ እስኪዘቅጥ ጠብቂና ከላይ የጠራውን ውሰጂ። የግንባታ ኖራ በፍጹም እንዳትነኪ።

ሽሮፑ ጉላ መላካ ነው፤ ከኮኮናት ዘንባባ አበባ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በማፍላት የሚሠራ ጥቁር ቡናማ ስኳር። 200 ግራም ቆራርጠሽ ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከሁለት የተቋጠረ የፓንዳን ቅጠልና ከቁንጥር ጨው ጋር ለስለስ ባለ እሳት ለ10 ደቂቃ ያህል አፍልተሽ አጥልዪ፤ ሥሩ ላይ ቆሻሻና አሸዋ አይጠፋም። ሲበርድ ስለሚወፍር ትኩስ ሳለ ቀጠን ብሎ ቢታይሽ ትክክል ነው። እንደ ማር ከወፈረ በረዶው ላይ ሲደርስ ደርቆ እንደ ከረሜላ ይጣበቃል። ካላገኘሽው ተራው ጥቁር ቡናማ የሸንኮራ ስኳር ይተካዋል፣ የጭሱ ጠረን ግን ይቀራል። ከሁሉም በላይ ሽሮፑ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ለብ ያለ ሽሮፕ በአንድ ማንኪያ ብቻ የበረዶ ክምሩን መሃል ይበሳዋል።

የኮኮናት ወተቱ ፍርፋሪ ተበላሽቶ አይደለም። የኮኮናት ስብ ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል፤ አንቺም ፍሪጅ ውስጥ አሳድረሽዋል። 400 ሚሊ ሊትሩን ቆርቆሮ ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃና ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር በለስላሳ እሳት እንፋሎት እስኪያወጣ ብቻ አሙቂው። ከፈላ ዘይቱ ይለያል። ከዚያ አብርጂውና በክፍል ሙቀት፣ ሲበዛ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ አቅርቢው። ጨው ውስጡ መኖሩን ችላ አትበይ፤ ያለ ጨው ቼንዶል ጣፋጭ ውሃ ነው። በሙቀት ቶሎ ስለሚቆጣ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪው።

ቀዩን ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ፣ የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ደፍተሽ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል እየፈላ ይቆይ፤ ጥሬው ወይም ግማሽ ጥሬው ሆድ ያሳምማል። ስኳሩን ልጣጩ ለስልሶ ካለቀ በኋላ ጨምሪ፤ ቀድሞ ከገባ ልጣጩን ያደርቀዋል።

አሁን በረዶው። ጁስ መፍጫ የሚያወጣው ጠጠር ነው፤ ሽሮፑ በጠጠሩ መሃል ሾልኮ ሥር ይቀራል። የሆከሩ ማሽን ግን የበረዶውን ጡብ እያሽከረከረ እንደ አናጺ መላጊያ ስስ አድርጎ ይልገዋል፤ ስሱ በረዶ ሽሮፑን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ትንሿን የእጅ ማሽን ግዢ፣ ውድ አይደለችም። ከፍሪዘር በወጣ ቅጽበት አትላጊው፤ በጣም የቀዘቀዘ በረዶ ይሰባበራል። ላዩ እርጥብ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ሳህኖቹን አስቀድመሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ፣ በረዶውን ደግሞ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ላጊ።

ለአንድ ሳህን ሥሩ ላይ ሦስት ማንኪያ ክርና ሁለት ማንኪያ ቦሎቄ፣ በላዩ ሁለት ስኒ በረዶ፣ ከዚያ 80 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፣ በመጨረሻ ሦስት ማንኪያ ጉላ መላካ። ማሌዥያ ውስጥ፣ ፔናንግ ጆርጅታውን ከተማ፣ ሌቡ ኬንግ ክዊ ጎዳና ላይ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ዓይነት ግን ወተቱ የበዛ፣ በረዶው ያነሰ፣ እንደ ሾርባ የሚጠጣ ነው። እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ቤት ውስጥም ይቀልላል፣ ምክንያቱም በረዶው ትንሽ ቢሻክር አይታወቅም።

አይስ ካቻንግ ሌላ ነገር ነው። ካቻንግ በማላይኛ የጥራጥሬና የኦቾሎኒ የጋራ ስም ነው። ማሌዥያ ውስጥ ኤቢሲ ይሉታል፣ ኤር ባቱ ቻምፑር ለማለት፤ ድብልቅ በረዶ እንደማለት ነው። ሥሩ ላይ ቦሎቄ፣ ጥቁር የሳር ጄሊ፣ አታፕ ቺ የሚባለው የዘንባባ ፍሬ ይቀመጥና ትልቅ የበረዶ ጉልላት ይሠራበታል፤ ቀይ የጽጌረዳ ሽሮፕ፣ የተፈጨ ጣፋጭ በቆሎና የቆርቆሮ ወተት ይፈስበታል። ለጿሚ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አይስ ካቻንግ በላም ወተቱ ፍስክ ነው፣ ከላይ በጻፍኩት መንገድ የተሠራ ቼንዶል ግን የጾም ነው። ከውጭ ስትገዢ ግን ጠይቂ፣ አንዳንድ ሻጭ የኮኮናቱን ወተት በላም ወተት ያበዛዋል።

የተረፈ ቦሎቄ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፣ ሽሮፑም በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ክሩን ግን ፍሪጅ አታስገቢው፤ ስታርቹ ይደርቅና እንደ ላስቲክ ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ በዚያው ቀን ጨርሺው።